አራተኛው እርግጫ

እኔ መካኒክ ነኝ፣ ወዳጄ፣ አልነሳ ያለ ሞተር ወይ ቤንዚን አጥቷል፣ ወይ አየር አጥቷል፣ ወይ እሳት አጥቷል፣ ሌላ ምክንያት የለም ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የጂን ወሬ ሲጀመር ደግሞ ኮቴን አንስቼ የምወጣ ዓይነት። ይህንን የምነግርህ እንደዚያ ሆኜ ነው፣ ባታምነኝም አልቀየምህም፣ በአንተ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለች ጠባብ ጋራዥ ውስጥ። ባለቤቱ ፍራንክ የሚባል አሜሪካዊ ነበር፣ የምንጠግነው እንግሊዝ ሠራሽ ሞተር ሳይክል ብቻ ነው፣ ዋናው ባለሙያ ደግሞ ጋሽ ሰይድ፣ የወሎ ሰው፣ ገና አዲስ አበባ ሳሉ በእንግሊዝ ሞተር እጃቸውን የፈቱ፣ እኔንም ከመኪና ማቆሚያ ሥራ አውጥተው መፍቻ ያስያዙኝ። መፍቻዎቻቸው በእንግሊዞች የድሮ ልክ የተሠሩ ስለነበሩ ለአሜሪካም ለጃፓንም ብሎን አይሆኑም፣ ጋሽ ሰይድም ያው እንደ መፍቻዎቻቸው ነበሩ፣ ሌላ ሞተር አልነካም ብለው ችክ አሉ።

ጃፓኖቹ አዝራር ሲጫኑት የሚነሳ፣ ዘይት ጠብ የማይለው ሞተር ሳይክል ይዘው መጡና እንግሊዞቹን አፈር ድሜ አበሏቸው፣ ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፣ መለዋወጫ ላኩልን ብለን የምንጽፈው ደብዳቤም ሳይከፈት ይመለስልን ጀመር። ጋሽ ሰይድ ግን ከሞቱት ሞተር ሳይክሎች ዕቃ እየለቀሙ አንዲቷን ገጥመው አቁመዋት ነበር፣ የቀራት ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ዕቃ ብቻ ነው። ከሥሯ ካርቶን ያነጥፉላታል፣ ጠዋት ጠዋት የዘይቱን ጠብታ አይተው «ካላንጠባጠበች ዘይት የላትም ማለት ነው» ይላሉ፣ ደስ ብሏቸው።

የእሳቸው አነሳስ ደግሞ የታወቀ ነው። ቁልፉን ሳይከፍቱ የማስነሻ ፔዳሉን ሦስት ጊዜ ይረግጡታል፣ ዘይቱ ይንቃ ብለው፣ ከዚያ ቆም ይሉና ቤንዚን ጣታቸውን እስኪያርሰው ካርቡራተሩን ጫን ጫን ያደርጉታል፣ ከዚያ ቁልፉን ከፍተው «ቢስሚላህ» ብለው አራተኛውን ይረግጣሉ። ያን ጊዜ አልነሳም ያለ ሞተር አላየሁም።

ስኳር ነበረባቸውና ቀኝ እግራቸው ቆሰለ፣ ሐኪሞቹ ካልተቆረጠ አይተርፉም አሉ፣ እሳቸው አሻፈረኝ አሉ። ልጃቸው ራህማ ስታለቅስብኝ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ።

«ይቺን ሞተር በምን ልረግጣት ነው፣ ዳዊት?» አሉኝ።

«ዕቃው ይምጣ እንጂ፣ እርስዎ አጠገቤ ቁጭ ብለው እኔ እረግጣታለሁ። እስኪመለሱ ማንም አይነካትም።»

«ማልልኝ።»

በእናቴ ማልኩላቸው፣ እሳቸውም ሆስፒታል ገቡ።

ፍራንክ ግን ጋራዡን ሊዘጋ ነበር፣ ሞተሯንም እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ላለ ምግብ ቤት ሸጣት፣ ለጌጥ ግድግዳ ላይ ሊሰቅሏት። «ተመጋቢ ላይ እንዳታንጠባጥብ አድርቃት» አለኝ። እኔ ደግሞ ስፕሪንግፊልድ አንድ የጃፓን ሞተር ሳይክል መሸጫ ውስጥ ሥራ አግኝቼ የፍራንክን የድጋፍ ደብዳቤ እየጠበቅኩ ነበር፣ እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። በረዶ በጣለበት ማክሰኞ ጠዋት ዘይቷን አንጠፍጥፌ አፈሰስኩት፣ ቤንዚኗንም ቀዳሁት፣ ካርቶኑን በአዲስ ቀየርኩት። እግራቸው የሚቆረጠው በዚያው ቀን እንደሆነ አውቅ ነበር፣ እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

ከሰዓት በኋላ ፍራንክ ወጥቶ ብቻዬን ነኝ፣ በረዶው የመንገዱን ድምፅ ሁሉ ውጦታል፣ ቢሮው ውስጥ ዕቃ ስጠቀልል ከኋላ ክፍል አንድ የደረቀ የፔዳል እርግጫ ሰማሁ። ማሞቂያው ነው አልኩ። ሁለተኛው መጣ፣ ማሞቂያ ደግሞ እንዲህ አይልም። ሦስተኛው መጣና ዝም አለ፣ ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፣ ቤንዚን ጣት እስኪያርስ የሚቆይ ዝምታ ነው። በአራተኛው ተነሳች። ያ ጎርናና ድምፅ መስኮቱን አንቀጠቀጠው፣ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ብረት ብረትን ሲያኝክ ሰማሁና ቀጥ አለች።

ስገባ ሰው የለም፣ የኋላው በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። እሷም እንዳቆምኳት ቆማለች፣ እሳት የሚሰጣት ዕቃ ቦታው ባዶ ነው፣ ካርቶኑ ላይ አንዲት ጠብታ የለም። ሲሊንደሯን በቀኝ መዳፌ ብነካው ቆዳዬ እዚያው ላይ ተላጠ። ጠባሳው ዛሬም አለ፣ ስንገናኝ አሳይሃለሁ።

እጄን ደጅ በረዶ ውስጥ ነክሬ ስመለስ ስልኩ ይጮሃል፣ ራህማ ናት።

«ዳዊት፣ ሰርጀሪው ኦኬ ነበር፣ አባዬ አሁን ነው የነቃው። ለዳዊት ኮል አድርጉልኝ ብሎ ነርሶቹን አስቸገራቸው፣ ይኸው አናግረው።»

«እንኳን አላህ አተረፈዎት፣ ጋሽ ሰይድ» አልኩ።

ድምፃቸው ይጎተታል። «ዘይቱን ማን አፈሰሰው፣ ዳዊት?»

የተላጠውን መዳፌን አየሁት።

«በደረቋ አስነሳኋት እኮ» አሉኝ፣ «አቃጠልኳት።»

የማደንዘዣው ቅዠት ነው በለኝ፣ ለራሴም ስንት ጊዜ ብየዋለሁ። ግን በማግሥቱ ፔዳሏን ብረግጠው ንቅንቅ አላለም፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ቀርቷል፣ እንደዚያው ጭነው ወሰዷት። ዘይቱን ማፍሰሴን ከፍራንክ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፣ ፍራንክ ደግሞ የተኙበትን ሆስፒታል እንኳ አያውቀውም።

ጋሽ ሰይድ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። ዊተን ያለው ቤታቸው እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር፣ ዛሬስ ይቅርታ እላቸዋለሁ እያልኩ ሻያቸውን ጠጥቼ እመለሳለሁ፣ እሳቸውም ማን አፈሰሰው ብለው ዳግመኛ አልጠየቁኝም። ብቻ ስንጨባበጥ እጄን ቶሎ አይለቁትም፣ መዳፌን ገልበጥ አድርገው፣ እንዴት እንደተቃጠልኩ ለማንም ነግሬ ባላውቅም፣ ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው ይዳብሱና «እስካሁን አልበረደችም?» ይሉኛል።

አሁን እሳቸውም የሉም። በረዶ በጣለ ቁጥር ግን ቀኝ መዳፌ ይግላል፣ ጓንት ማጥለቅ አልችልም።