ባነሩን ማን ይጻፈው?

«‹አንፈልግም› የሚለው ላይ ቀዩን ቀለም አብዢበት፤ ከሩቅ ይታይ» አሉ ጡረተኛው መምህር፣ ሶፋው ላይ ተደላድለው እንደተቀመጡ።

ቀለሜዋ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ብሩሹን እንደያዘች ቀረች። ፊቷ የተዘረጋውን ነጭ ጨርቅ ቆርጣ የቀመቀመችው ልብስ ሰፊዋ እናቷ ናት። እስካሁን የተጻፈው «ማገገሚያ ቤቱን» የሚለው ብቻ ነው። የቀረው «በሰፈራችን አንፈልግም» ነው፤ እጇ ግን አልታዘዝ አላት።

«ቀለሜዋ» የሚለውን ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፣ ትምህርት ላይ እሳት ስለሆነች። ሰፈሩም ስሙን ወዶት እውነተኛ ስሟን ከረሳው ቆየ። የእጅ ጽሑፏ ደግሞ ማተሚያ ቤት ያስንቃል። ስለዚህ የመንገዱ መጨረሻ ላይ ያለው ሰፊ ግቢ ከመጠጥና ከዕፅ ለሚያገግሙ ሰዎች ሊከራይ ነው ሲባል፣ ጎረቤቶቹ ባነሩን ማን ይጻፈው ብለው አልተጨነቁም።

«እኔ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም» አለች ዳቦ ሻጯ። «ሱቄ ከግቢው ፊት ለፊት ነው። ጎህ ሳይቀድ ብቻዬን ነው የምከፍተው። እፈራለሁ፣ እውነቴን ነው።»

ቀለሜዋ ልትቀየማት አልቻለችም። ፍርሃቷ የምር ነበር።

«ምን መፍራት ያስፈልጋል? ድርሽ አይሏትም!» አለች እናቷ፣ ድምጿን ከሁሉም በላይ ከፍ አድርጋ። ይህን ሁሉ ሰሞን እንዲህ ናት። ስብሰባ ላይ ቀድማ እጅ የምታወጣው እሷ፣ ጨርቁን በነፃ የሰጠችው እሷ። እንዲህ የምትጮህ እናት ልጇ እንደዚያው ዓይነት ቤት ውስጥ ተኝቷል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ለሰፈሩ የተነገረው የቀለሜዋ ወንድም ሌላ ከተማ ሥራ እንደያዘ ነው። በእውነቱ ግን የእናቱን ካውያ ሳይቀር ሸጦ የጠጣ ዕለት፣ አክስቱ እጁን ይዛ ማገገሚያ አስገባችው። እናቱ «ሳይድን ዓይኑን አላይም» ብላ ማለች። እሁድ እሁድ የሚጠይቁት አክስቱና ቀለሜዋ ናቸው።

ባለፈው እሁድ ወንድሟ ካለበት ማገገሚያ ፊት ለፊት ባለው አጥር ላይ ባነር ተሰቅሎ ነበር። ወንድሟ በመስኮት አሳያት። «አየሽ ይሄን ቀሽም ጽሑፍ? ፊደሉ ሁሉ የሰከረ ነው የሚመስለው። አንቺ ብትጽፊው ኖሮ ቢያንስ በክብር ያባርሩን ነበር!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። «ከዚህ ካስወጡን የት እንደምገባ እንጃ፣ ቀለሜዋ። ገና ነኝ እኮ» አላት።

ብሩሹን ጣሳው ላይ አስቀመጠችው።

«አልጽፍም።»

«ምን አልሽ?» እናቷ ደነገጠች።

«አልጽፍም፣ እማዬ። እጄን አሞኝ አይደለም። አልፈልግም።»

እናቷ በዓይኗ ተለማመነቻት። ምክንያቱን እንዳትናገር ነው ልመናው። ቀለሜዋም ገበናው የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች።

«ወይ የዛሬ ልጅ!» አሉ መምህሩ። «ለሱሰኛ እንዲህ የተቆረቆርሽው ምን ነክቶሽ ነው? ወንድምሽ ሱሰኛ የሆነብሽ ነው የምትመስይው እኮ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። በመምህሩ ቀልድ ቀድማ የምትስቀው ሁልጊዜ እናቷ ናት። ዛሬ ግን መቀሷን እንደጨበጠች ልጇን አየች፣ ጨርቁን አየች።

«ነው» አለች።

ሳቁ ቀጥ አለ።

«ልጄ ሱሰኛ ነው። ሥራ ይዟል ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። እንደዚህ ያለ ቤት ውስጥ ነው ያለው።» መቀሷን ጨርቁ ላይ አስቀመጠች። «ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው።»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። «እኔ… ለቀልድ ብዬ ነው፤ አላወቅሁም» አሉ። ዳቦ ሻጯ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ከቀለሜዋ እናት አጠገብ መጣች። ስለ ሱቋ የተናገረችው ፍርሃት ከፊቷ ላይ አልጠፋም፤ ቢሆንም የእናትየውን ትከሻ ያዘች።

«እና አሁን እንዴት ነው ልጁ?» አለቻት።

«እኔ እንጃ» አለች እናቷ፣ እንባዋ እየወረደ። «አንድም ቀን ሄጄ አላየሁትም።»

ሁሉም ወደ ቀለሜዋ ዞሩ።

«ደህና ነው፣ እትዬ። ወፍሯል። ቀልዱም ተመልሶለታል» አለች። ከዚያ እናቷን ሳታማክር፣ ሳትፈራም ጨመረች፦ «እሁድ ከእማዬ ጋር ነው የምንሄደው።»

ቀለሜዋ ወደ ጓሮ ወጥታ ብሩሹን ስታጥብ፣ ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች።

«እሁድ ጠያቂ በስንት ሰዓት ነው የሚያስገቡት?» አለች እናቷ።