ሲሶው የሞተው ጡሩንባ

«ሲሶው ሞቷል!» አሉ አቶ ጉደታ፣ የልብስ ሰፊ ሜትራቸውን ከወረቀቱ ላይ ሳያነሡ።

ሚያዝያ ፭ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም. ነበር፤ ሰሙነ ሕማማትም ወረርሽኙም ተባብረው መጨባበጥን የከለከሉበት ሰኞ፤ በአዳማ ከሐዲዱ በታች ያለው የሠፈር ኮሚቴ፣ ባጃጅ ላይ ታስሮ «ገበያ አትውጡ» እያለ የሚለፍፍ ድምፅ ማጉያ ሊመርጥ ተሰብስቧል። የቀድሞው ጦር የመገናኛ ሃምሳ አለቃ ማስረሻ በእጃቸው የሠሩትን ጡሩንባ፣ ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን ለክተው በመስመር ከሣሉበት ወረቀት ጋር አቀረቡ። ለሹመት አልነበረም፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አበዛሽ አስም ይዟቸው ገበያ ሽንኩርት ይሸጣሉ፤ የባላቸውን ምክር መስማት ከተዉ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል፤ መንግሥት ከለፈፈ ግን ይሰማሉ።

«ኧረ አልሞተም፣ አቶ ጉደታ! ወረቀቱ በሎጋሪዝም የተሰመረ ነው፤ በእኩል ስፋት ቁጥሩ አሥር እጥፍ ይዘላል፤ ጆሯችንም የሚቆጥረው እንዲሁ በእጥፍ ነው። አንደኛው ሲሶ በሰከንድ ከሃያ እስከ ሁለት መቶ ንዝረት፤ ሁለተኛው እስከ ሁለት ሺህ፤ ሦስተኛው እስከ ሃያ ሺህ። መስመሩ የወደቀው በአንደኛው ብቻ ነው፤ እሱም የከበሮ ጉርምርምታ ነው። ቃል የሚለየው ከዚያ በላይ ነው።»

«አርባ ዓመት ጨርቅ ለክቻለሁ፤ በግራ ጠቦ በቀኝ የሚሰፋ ሜትር አላየሁም። ይልቅ ከሠርግ ቤቱ የመጣውን ስፒከር ይስሙት እስቲ፤ ደረት ያንቀጠቅጣል!»

«ደረት ያንቀጠቅጣላ! ቃሉስ?»

ኮሚቴው ደረቱን መረጠ።

በማግስቱ ረፋድ ባጃጁ በሃምሳ አለቃው ደጅ «ግም፣ ግምግም» እያለ አለፈ። ወይዘሮ አበዛሽ «በዚህ በሕማማት ማን አገባ ደግሞ?» አሉና ቅርጫታቸውን አንሥተው ወጡ፤ ባልየው «ማስጠንቀቂያ ነው እኮ!» እያሉ እስከ መንገድ ቢከተሉም ዞር ብሎ ያያቸው የለም።

ያን ጊዜ ሃምሳ አለቃው ያንኑ የጡሩንባውን ልኬት በእኩል በተሰመረ ደብተር ላይ ገለበጡት፤ ሲሶ ያህል የነበረው ጉድለት ግራው ጠርዝ ላይ እንደ ክር ቀጠነ። ወረቀቱን ይዘው ወደ ልብስ ስፌቱ ገሠገሡ።

የዚያ ዓመት መዝገብ ስንት ሰው እንደ ታመመ ጽፏል፤ ማስጠንቀቂያው ሠርግ መስሎት ገበያ የወጣውን ግን የቆጠረ የለም።

አቶ ጉደታ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግተው ለኩ፤ ደግመው ለኩ፤ ከዚያም መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ትናንት የሞተው ዛሬ ተነሣ ነው የሚሉኝ? ጌታ እንኳ ሦስት ቀን ፈጅቶበታል።»