የከሰዓቱ ቅጂ

የፊልም ዳይሬክተሩ ሞቶ የተገኘው ባዶ እግሩን፣ ገና ያልታጠበ ሸሚዝ በአንድ እጁ ጨብጦ፣ በልብስ ማጠቢያ ማሽኑና በግድግዳው መካከል ተወሽቆ ነው። ማሽኑ ከተገዛ አራተኛ ቀኑ ነበር። የመጣበት ካርቶን እንኳ ገና ከበሩ ኋላ አልተነሳም።

ኢንስፔክተሯ በማግስቱ ጠዋት ያችን ጠባብ ክፍል ስትረግጥ አስከሬኑ ተነስቷል፤ ወለሉ ግን አሁንም እርጥብ ነው። ሲጋራ ካቆመች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ከዚያ ወዲህ እጇ የሚያርፍበት አጥቶ የቁልፍ ዘለላዋን ሲያንቃጭል ይውላል። መቀመጥ አይሆንላትም፣ መተኛትም እንደዚያው። የቤቱ ሰው ስሟን ሳያውቅ ቁልፏን ጠልቶታል።

«ይሄማ ያለቀለት ነው» አለ ሳጅኑ፤ ቦርጩን አስቀድሞ በሩ ላይ ቆሟል። «ሰውዬው በእርጥብ እግሩ ማሽን ነካ፣ ኤሌክትሪክ ያዘው። ማሽኑን የገጠመችው ልጁ ናት፤ ባለሙያ አልጠራችም። በቸልተኝነት ሰው መግደል ብዬ ጽፌዋለሁ። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው።»

«ልጅቷ ምን ትላለች?»

«‹እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ውሰዱኝ› ትላለች። እንዲህ ሥራ የሚያቀልልኝ ሰው ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ።»

ኢንስፔክተሯ ገላመጠችው። ነገር ሲቀልላት የሚቆረቁራት ሴት ናት።

ልጅቷ ማድ ቤት ውስጥ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ እናቷን በልጅነቷ ስላጣች አባቷ ብቻውን ነው ያሳደጋት። ዓይኖቿ በለቅሶ አብጠዋል።

«ሥራ ከያዝኩ የመጀመሪያ ስጦታዬ ነው» አለች። «በእጁ ሲያጥብ ወገቡን ያመው ነበር። ሥራ በዋለ ቁጥር የዋለበትን ሸሚዝ ያኑ ዕለት ራሱ ካላጠበ እረፍት የለውም። የሚያውቀው ሁሉ ይስቅበታል።»

«ማሽኑን ስትገጥሚ ሶኬቱን ከግድግዳው ፈትተሽው ነበር?»

«ኧረ እኔ። ሰካሁት፣ የውሃውን ጎማ አሰርኩ፣ በቃ።»

«ከዚያ ወዲህ ታጥቦበታል?»

«ሦስቴ። ትናንት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ራሴ አጥቤበታለሁ፣ ያውም በባዶ እግሬ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስመለስ ፊውዙ ተቃጥሎ መብራት ጠፍቷል፤ እሱም...» ሆድ ብሷት አቀረቀረች። «ምናለ ጠዋት እኔን በያዘኝ ኖሮ።»

ይህች ልጅ ፍርድ ቤት ነፃ ቢለቃት እንኳ ራሷን እንደማትለቅ ኢንስፔክተሯ ገብቷታል። ቁልፏን ኪሷ ከተተችና ወደ ማጠቢያው ክፍል ተመለሰች። ከማሽኑ ኋላ ተንበርክካ ሶኬቱን አየች። ግድግዳው ቀለም ሲቀባ ብሎኖቹም አብረው ተቀብተዋል፤ አሁን ግን የብሎኖቹ ራስ ተልጦ ያብለጨልጫል። የቀለም ስንጣሪው ከሥሩ ወድቋል፣ አቧራ እንኳ አልነካውም።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠራች። ሰውየው ሶኬቱን ፈትቶ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«ሽቦ ቦታ ለውጠዋል። ማሽኑ ሲሰካ ቆርቆሮው ሁሉ ኤሌክትሪክ እንዲይዝ ተደርጓል» አለ። «ይሄ ስህተት አይባልም። እንዲህ ሆኖ ትናንት ጠዋት በባዶ እግሯ ብታጥብበት ኖሮ አትተርፍም ነበር።»

እንግዲያው ነገሩ የተሠራው ልጅቷ ጠዋት ከወጣች በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ከሟቹ ሌላ የነበሩት ሦስት የፊልም ባልደረቦቹ ናቸው። ሦስቱም ትናንት ማታ ልጅቷን ሊያጽናኑ ተመልሰው እዚያው አድረዋል።

መጀመሪያ ተዋናይቷን አነጋገረች። ስልሳን የተሻገረች፣ በሐዘን ቤትም ኩሏን ያልረሳች ሴት ናት።

«ፊልሙ ነው የገደለው፣ እህቴ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከሃያ ዓመት በፊት አራት ሆነን የሠራነው ነው። የቤት ዕቃ ሰው ይገድላል፤ ስልኩ፣ ካውያው፣ በመጨረሻ ማጠቢያ ማሽኑ። አንድ ሳምንት ታይቶ ወረደ፣ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ዘንድሮ ልጆች ኢንተርኔት ላይ የጥቂት ሰከንድ ቁራጩን አግኝተው አበዱ። እሱም አድሼ አወጣዋለሁ አለ። ትናንት ንግግራችንን እንደ አዲስ ልንቀዳ ነበር የተሰበሰብነው።»

«ሥራው እንዴት ዋለ?»

«ጠዋት ‹ጆሮ› አላሠራ አለን። የድምፅ ባለሙያችንን ነው፤ ‹ጆሮ› ነው የምንለው። የግድግዳ ሰዓቱን ባትሪ አስወጣ፣ ፍሪጁን አስነቀለ፣ ጫማዬን አስወለቀኝ። ከምሳ በኋላ ግን እግዜር ይስጠው፣ አንዴ ‹የጆሮ ጌጥሽ ተንቃጨለ› ብሎ አስቆመኝ እንጂ በአንድ ትንፋሽ ጨረስን።»

«የተጣላ ነበር?»

«ጠብ አይባልም። ቁርስ ላይ ዳይሬክተሩ የማሽኑን ድምፅ በኮምፒዩተር እንደ አዲስ አሠራዋለሁ አለ። አንድ የቀረውን አሮጌ ቅጂም አቃጥለዋለሁ አለ፣ ማንም እንዳያወዳድር። ክፉ አመል ነበረበት፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«‹ጆሮ› ምን አለ?»

«ምንም። ዳቦውን መብላት ቀጠለ።»

ሁለተኛው የመብራት ባለሙያው ነው፤ ‹አምፑል› ይሉታል። ጥያቄ ሳይጠየቅ ተቆጣ።

«ኤሌክትሪክ ስለማውቅ እኔ ነኛ? ብገድለው በሙያዬ ነበር የምገድለው? ያን ያህል ቂል መሰልኩዎት?»

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«መኪናዬ ውስጥ ተኝቼ። እሷ በረንዳ ላይ ስልክ ስታወራ ነበር፣ ሳቋ አላስተኛ ብሎኝ። ዳይሬክተሩ ዳቦ ሊገዛ ወጥቷል።»

«ቀረጻ ላይ የእርስዎ ሥራ ምንድን ነው?»

«ገመድ ሁሉ የኔ ነው። ‹ጆሮ› አንዳች እንግዳ ድምፅ ከሰማ ያስቆምና ይጠራኛል። እኔ ገመድ ለገመድ ሄጄ ከየት እንደመጣ ካላገኘሁ ሥራ አይቀጥልም። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ነው የሠራነው።»

«ትናንትስ?»

«ጠዋት ሁለቴ ጠራኝ። ከሰዓት ግን አልጠራኝም።»

‹ጆሮ› ራሱ ቀጭን፣ ትሁት ሽማግሌ ነው። ኢንስፔክተሯ ስትመጣ ወንበር ሳበላት፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«ምሳ ሰዓት ላይ መቅረጫዬ ጋ ነበርኩ» አለ። «ኮሪደሩ ላይ፣ ከማጠቢያው ክፍል ደጃፍ። ዕቃዬን ጥዬ አልሄድም።»

«የትናንቱን ቅጂ ልስማው?»

የማዳመጫውን ገመድ እጁ ላይ ጠቀለለ። «ምን ያደርግልዎታል? የሰው ንግግር ነው።»

«እንቅልፍ ያስወስደኝ እንደሆን።»

ፈገግ አለና ሰጣት። ኢንስፔክተሯ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ከአንዱ የኮሪደር ጫፍ ወደ ሌላው ትንጎራደድ ጀመር። ሳጅኑ እሷን ከማየት ብዛት ራሱን አዞረው። የጠዋቱን ሰማች፣ የከሰዓቱን ሰማች፣ እንደገና ወደ ጠዋቱ ተመለሰች። ከዚያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን አንድ ጥያቄ ጠየቀችው፤ ሳጅኑን ደግሞ የሽማግሌውን የዕቃ ሳጥን እንዲፈትሽ ላከችው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ልጅቷ ሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠች።

«በመጀመሪያ» አለች ኢንስፔክተሯ ቆማ፣ «ይህችን ልጅ ነፃ ላድርጋት። ማሽኑ ደህና ነበር፣ አገጣጠሟም ደህና ነበር። ሶኬቱን ሰው ፈትቶ ሽቦ ቀይሮበታል። ሟቹ ከሥራ በኋላ ሸሚዙን እንደሚያጥብ ሦስታችሁም ታውቃላችሁ።»

ልጅቷ ቀና አለች። ቃሉ ገና አልገባትም፤ አፍዋን ከፍታ ቀረች።

«መቼ ተቀየረ? የጠዋቱ ቅጂ ጥርት ያለ ነው። ከሰዓት ግን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ሥር ሥሩን ዝዝዝ የሚል አለ። ባለሙያውን ጠየቅኩት፤ የማሽኑ ቆርቆሮ ኤሌክትሪክ ሲይዝ አጠገቡ ያለፈ የማይክሮፎን ገመድ ዝም አይልም አለኝ። እንግዲህ የተሠራው በምሳ ሰዓት ነው።»

«በምሳ ሰዓትማ ሁላችንም ተበትነን ነበር» አለ ‹አምፑል›።

«ልክ ነዎት። ስለዚህ ማን የት ነበር የሚለውን ተውኩት። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። የሰዓት ቆጠራ ሰምቶ ባትሪ የሚያስወጣ ሰው፣ ይህን ድምፅ ሁለት ሰዓት ሙሉ በጆሮው ይዞ እንዴት ሥራ አላስቆመም?»

ተዋናይቷ ቀስ ብላ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አርጅቻለሁ» አለ እሱ ረጋ ብሎ። «ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም።»

«እኔን የተኩስ ልምምድ አንዱን ጆሮዬን ደፍኖታል። በቀረው ሰማሁት። እርስዎ ደግሞ በዚያው ከሰዓት፣ በዚያው ድምፅ መሐል፣ የእሷ የጆሮ ጌጥ ሲንቃጨል ሰምተው አስቁመዋታል። ጌጡን ሰምተው ይህን አልሰማሁም ሊሉኝ አይችሉም። ሰምተዋል። ግን ቢያስቆሙ ‹አምፑል› ገመድ ለገመድ ሄዶ እዚያ ሶኬት ላይ ይደርሳል። ሠላሳ ዓመት ያስለመዱት ራስዎ ነዎት። ስለዚህ በዕድሜዎ ለመጀመሪያ ጊዜ የተበላሸ ድምፅ ዝም ብለው ቀዱ።»

ሳጅኑ አንዲት ትንሽ ካቻቢቴ በላስቲክ ይዞ ገባ። ጫፏ ላይ የማጠቢያው ክፍል ቀለም ተጣብቋል። እንደ ጠዋቱ አልቀለደም።

ሽማግሌው ካቻቢቴዋን አየ፤ ከዚያ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ያ ፊልም ውስጥ ማሽኑ ይተነፍሳል» አለ። «ልጆቹ የወደዱት እሱን ነው። የባለቤቴ ትንፋሽ ነው፤ ታማ ተኝታ ሳለች የቀዳሁት። ዋናው ቴፕ በእርጥበት ተበላሸ፣ እሷም ሞተች። ኢንተርኔት ላይ ያለው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ሙሉው የቀረኝ እዚያ ቅጂ ላይ ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ስጠኝ አልኩት፣ አልሰጠኝም። ትናንት ዳቦ እየቆረሰ አቃጥለዋለሁ አለ።»

«ይህችስ ልጅ?» አለች ኢንስፔክተሯ። ቁልፏ እጇ ላይ ነበር፣ ግን አላንቃጨለችውም። «እዳው በእሷ ላይ ሲወድቅ አጠገቧ ተቀምጠው ነበር።»

ሁሉም ልጅቷን አዩ። ሸክሙ ስለወረደላት እፎይ ትላለች ብለው ጠብቀው ነበር። እሷ ግን ፊቷ አመድ መስሏል።

«ትናንት ማታ ለቅሶ የመጣው ሁሉ ‹ያንቺ ጥፋት አይደለም› አለኝ» አለች። «አንዳቸውንም አላመንኩም፤ ሊያጽናኑኝ ነው አልኩ። ጋሼ ‹ጆሮ› ግን እጄን ይዞ ሲነግረኝ እርግጠኛ ነበር። እንዲህ እርግጠኛ የሆነልኝ ስለሚወደኝ ነው ብዬ አንድ ሰዓት ያህል ትከሻው ላይ ተኛሁ።»

ሳጅኑ የሽማግሌውን ክንድ ይዞ አስነሳውና በበሩ ይዞት ወጣ። ልጅቷ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ፣ እሱ ትከሻ ላይ ያረፈውን ጉንጯን በእጅጌዋ ትጠርግ ጀመር።