ውሃው እስኪበርድ

ሙቀቱ ጠንቶ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ በሚያይበት በዚያ ወቅት፣ ዝናብ እንዳይመጣ በልባቸው የሚለምኑ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ መነጽር ቤት የምትሠራ ልጅ ናት፤ ሌላው ሊፍት ጠጋኝ ነው። ይህን ልመናቸውን እርስ በርሳቸው እንኳ አልተነጋገሩበትም። ሌላው ሰው ዝናብ ዝናብ እያለ፣ እነሱ ሙቀት ሲመኙ መገኘት ያሳፍራላ።

የተገናኙት ሊፍት ውስጥ ነው፤ እሷ ውስጥ ሆና፣ እሱ ውጭ ሆኖ። መነጽር ቤቱ ያለበት ሕንጻ አሮጌ ሊፍት በሁለት ፎቆች መካከል ቀጥ አለና ብቻዋን ያዛት። በሩን ስትደበድብ ከላይ አንድ ድምፅ መጣ።

«አይዞሽ፣ አትደብድቢው፤ ይቀየማል።»

«ማን ነው የሚቀየመው?»

«ሊፍቱ ነዋ። ሽማግሌ ነው፣ ኩርፊያ ይወዳል።»

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«አስታራቂው።»

ፍርሃቷን ረስታ ሳቀች። በሩ ሲከፈት እጁን ግሪስ የነካው አንድ ረጅም ልጅ ቆሞ ነበር። በሩ ዝግ ሳለ ያን ሁሉ ሲቀልድ የነበረው ሰው ፊቷን ሲያይ ምላሱ ተሳሰረ። ከዚያ በኋላም እንደተሳሰረ ቀረ።

አባቷ ነገሩን ሲሰሙ ሊያመሰግኑት ፈለጉ። ጡረታ የወጡ የመንገድ መሐንዲስ ናቸው፤ ጡረታቸውን የሚገፉት ዓሣ በማጥመድ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ወንዝ በቡድን ይወርዳሉ። «ልጄን ያወጣ ሰው ዓሣ ማውጣት አያቅተውም» ብለው ጠጋኙንም አስገቡት።

ቡድኑ ትንሽ ነበር። አባቷ፣ አንድ ፋርማሲስት፣ ሁሉም «እማማ» የሚሏቸው የዳቦ ቤት ባለቤት፣ አሁን ደግሞ ጠጋኙ። አምስተኛው የልጅቷ ታላቅ እህት ባል ነው። ሩቅ ከተማ ስለሚኖር ለጉዞው ብቻ ትልቅ መኪናውን ይዞ ይመጣል። ዘንድሮ ግን ብቻውን አይመለስም። እህቷ ሦስተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ ልቧ ደክሞ ከአልጋ የምትነሣው በግድ ነው፤ ስለዚህ ልጅቷ ከጉዞው ማግስት በዚያው መኪና ሄዳ እሷንም ልጆቹንም እንድታይ በቤተሰብ ተወስኗል። እስከ መቼ እንደሆነ ማንም አልተናገረም። አጭር እንደማይሆን ግን ሁሉም ያውቃል።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ወንዙ ላይ ተንጠለጠለ። ትራውት የሚሉት ዓሣ ብርድ ወዳድ ነው። ውሃው ሲጎድልና ሲሞቅ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በመንጠቆ ታግሎ ከወጣ በኋላ መልሰው ቢለቁትም፣ ደህና መስሎ እየዋኘ ይሄድና ታች ወርዶ ይሞታል። የቡድኑ ልማድ ደግሞ ለአንድ ቀን የሚበቃ ይዞ የቀረውን መልቀቅ ነው። አባቷ «የውሃው ሙቀት ከሃያ ዲግሪ ካለፈ አንወርድም» ብለዋል። እሳቸው አንድ ነገር ካሉ ደግሞ አሉ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ ዳቦ ቤቱ ሲዘጋ፣ ቡድኑ በጓሮ ክፍል ዱቄት የነካውን ረጅም ጠረጴዛ ከቦ ስለ ጉዞው ይመክራል። ምድጃው ገና አልበረደም፤ ሁሉም በካርቶን ያራግባሉ።

«ጎህ ሳይቀድ ብንነሣስ?» ይላል ፋርማሲስቱ። «ውሃው የሚሻለው ያኔ ነው። ፀሐይ ሳትጠና ዘንጋችንን ሰብስበን እንወጣለን።»

«ሌሊቱስ መቼ በረደና!» ይላሉ አባቷ። «ደግሞ ውሃው ጎድሎ ድንጋዩ ሁሉ አግጥጧል። ዓሣው በሙሉ ከድልድዩ ሥር ያለችው ጥልቅ ቦታ ላይ ታጉሮ ነው ያለው። እዚያ ላይ ዘንግ መጣል ማጥመድ አይባልም፣ ከሳህን ማንሣት ነው።»

«እንግዲያው ሌላ ወንዝ እንፈልግ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እንጠብቃለን።»

ይጠብቃሉ። ድንኳኑን ማን እንደሚይዝ፣ ዳቦው ስንት እንደሚበቃ፣ መኪናው የት እንደሚቆም፣ ባለፈው ሐሙስ ጨርሰው የተነጋገሩትን እንደ አዲስ ይነጋገራሉ። ከአባቷ ጋር የምትመጣው ልጅቷና ጠጋኙ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እሱ ያያታል፤ ቀና ስትል ጣሪያውን ያያል። ይህ ከእማማ ዓይን አያመልጥም።

«ይኼን ልጅ አሳንሰር ብየዋለሁ» አሉ አንድ ቀን፣ እሱ ውሃ ሊቀዳ ወጣ ሲል። «ሲወጣ እናያለን፣ ሲወርድ እናያለን፣ በሩ ግን አይከፈትም!»

«ቀስ ብሎ ይከፈት ይሆናላ፣ እማማ» አለች ልጅቷ አንገቷን ደፍታ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቶ፣ እሱ እንቁላሉ ላይ ቁጭ አለበት እኮ፣ ልጄ!»

የውሃውን ሙቀት የሚለኩት ሁለቱ ናቸው። ሐሙስ ጠዋት እሱ ሥራ የለውም፣ መነጽር ቤቱም አርፍዶ ይከፈታል፤ አባቷ ይህን አስበው ነው ሥራውን የሰጧቸው። በአውቶቡስ እስከ ድልድዩ ይሄዳሉ። ቴርሞሜትሩን በሲባጎ አስረው ወራጁ ውሃ ውስጥ ይነክሩና ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ያቺ ጥቂት ጊዜ የሁለቱ ነበረች። ዓይናቸው መድከሙን ስለማያምኑ ሽማግሌዎች፣ ደህና ዓይናቸው ላይ መነጽር ካላደረግን ስለሚሉ ጎረምሶች ታወራለታለች። እሱ ከልቡ ያዳምጣል፣ ከልቡ ይስቃል። አንዳንዴም ትንፋሹን ሰብሰብ አድርጎ ወደ እሷ ይዞራል።

«ምን ልትል ነበር?»

«እኔ?» ሲባጎውን ይስባል። «ሃያ ሁለት ነው።»

ሃያ ሁለት ማለት ሌላ ሳምንት ማለት ነው። ልጅቷ ደስ ይላታል፤ ወዲያው ደግሞ ደስ ስላላት ራሷን ትጠላለች።

«ያ ወንዝ እንዴት ነው?» ትላታለች እህቷ በስልክ፣ በደከመ ድምፅ።

«እንደሞቀ ነው፣ እትዬ።»

«እስቲ ቶሎ በረድ በል በይልኝ። ልጆቹ ለልብስሽ ብለው አንድ መሳቢያ ባዶ አድርገው እየጠበቁሽ ነው።»

«በአውቶቡስ ልምጣ እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣሽ! መኪናው መምጣቱ አይቀር፣ ለአንድ ሳምንት ምን አንገላታሽ። ደከም አለኝ እንጂ ደህና ነኝ።»

ደህና ነኝ ማለት የእህቷ አመል ነው። ልጅቷም ማመን ፈለገችና አመነች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

አንድ ሐሙስ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ውሃውን ደፍርሶና ከፍ ብሎ አገኙት። ከተማው ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም፤ ከላይ ተራራው ላይ ግን ሌሊቱን ዘንቦ ኖሯል። ልጅቷ እጇን ነከረች፤ ቀዘቀዛት። ሲባጎውን ራሷ ሳበችው። ዐሥራ ስድስት ይላል።



«በረደ» አለች።

«በረደ።»

«ማታ ለእህቴ ባል ይደውሉለታል። ነገ ይመጣል። እሑድ እኔ የለሁም።»

ከዚያ ጠበቀችው። ዓይኗን ከፊቱ ሳታነሣ ጠበቀችው። «አትሂጂ» ቢላት፣ ወይም «ሂጂ፣ እከተልሻለሁ» ቢላት፣ አንዱም ይበቃት ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች። ግን ቴርሞሜትሩን ከእጇ ተቀብሎ በሸሚዙ ጠረገና ኪሱ ከተተው። 

«እህስ፣ ዛሬስ ስንት ሆነ?» አሉ አባቷ ማታ ዳቦ ቤት ሲሰበሰቡ።

«ሃያ ሁለት» አለ ጠጋኙ።

እወድሻለሁ ማለት ያቃተው ሰው ይህን ሲል ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አልሰበረም። ልቧ በደስታ ዘለለ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከእሱ የሰማችው አንድ የፍቅር ቃል ይኸው ውሸት ነበር። «አባዬ፣ አይደለም» አላለችም። አባቷ ካርቶናቸውን አንሥተው ማራገባቸውን ቀጠሉ፣ ቡድኑም ለሚቀጥለው ሐሙስ ተቀጣጠረ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ መነጽር ቤት ተደወለላት። እህቷ ኩሽና ውስጥ ወድቃ ሞታለች። ባሏ ሥራ ላይ ነበር። ቤት ውስጥ ከሦስቱ ልጆች በቀር ማንም አልነበረም፤ ትልቋ ልጅ እናቷ የተኛች መስሏት ታናናሾቿን ዝም በሉ እያለች ቆይታለች። አጠገቧ አንድ ትልቅ ሰው ኖሮ ቶሎ ሐኪም ቤት ቢያደርሳት ትተርፍ ነበር አለ ሐኪሙ። ባሏም እያለቀሰ ይህንኑ ለአባቷ ነገራቸው።

ቀብረው ሲመለሱ የእህቷ ባል አብሯቸው መጣ፤ ልጆቹን ጎረቤት ትቶ፣ የልጅቷን ዕቃ ጭኖ እሷን ሊወስድ። አሁን እስከ መቼ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ዝናቡም በዚያው ሳምንት ከተማው ላይ ወረደ፤ ሰው ሁሉ ተመስገን አለ፤ በዚያ ቤት ግን መስኮት ከፍቶ ያየው የለም።

ሊያጽናኑ የመጡት ሰዎች ሳሎኑን ሞልተውታል። አባቷ የልጅቷን እጅ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ያኔ በረድ ብሎ ቢሆን ኖሮ ባለፈው እሑድ እዚያ ነበርሽ» አሉ። «ግን ምን ታደርጊዋለሽ። የውሃ ነገር በሰው እጅ አይደለም። ራስሽን እንዳትወቅሺ፣ እሺ ልጄ?»

ልጅቷ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ወጣች። ጠጋኙ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ለመግባት አቅም አጥቶ ነው። ስታልፍ ተነሣ፤ ያን ሁሉ ወራት ያልወጣው ቃል በአንድ ትንፋሽ ወጣ።

«እወድሻለሁ። በሩ ከተከፈተባት ቀን ጀምሮ እወድሻለሁ። እኔም እመጣለሁ፣ ልጆቹን አብረን እናሳድጋለን። እዚያም የተበላሸ ሊፍት አይጠፋም።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል።

«ይህን ለመስማት ስንት ሐሙስ እንደጠበቅኩ ብታውቅ።»

«አሁን አልኩት።»

«አሁን ስትለው 'ሃያ ሁለት' ያለው ድምፅ ነው የሚሰማኝ።»

«ያልኩት እኔ ነኝ። ከአንቺ አፍ አልወጣም።»

«እሱ አይደል የከፋው! አንተ አታውቃትም። እኔ እኮ እህቷ ነኝ፤ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ብቻም አይደለም፣ ደስ አለኝ።»

እጁን ወደ ትከሻዋ ዘረጋ፤ ሳይነካት መለሰው።

«ለጋሼ ልንገራቸው። ይፍረዱብኝ።»

«እንዳታደርገው!» አለች ፊቷን ጠርጋ። «ወንዙን ይውቀስ። ወንዙ ይችለዋል፤ አባዬ ግን አይችለውም። አንተም አትምጣ።»

በማግስቱ ሻንጣዋን ያወረደላት እሱ ነው። የእህቷ ባል ጢሙን ሳይላጭ፣ ማንንም ሳያይ፣ መኪናው ኋላ ዕቃ ያስተካክላል። አባቷ አቅፈዋት ቆዩ። እማማ «ለልጆቹ የመንገድ ስንቅ» ብለው አንድ ከረጢት ዳቦ አስያዟት፤ ልጆቹ አብረዋት እንደማይጓዙ፣ እዚያው እንዳሉ ትዝ ሲላቸው አፍረው፣ «ስትደርሺ ስጫቸው» አሉ። ከዚያ ጠጋኙን በክንዳቸው ገፋ አደረጉት።

«ምን ትጠብቃለህ አሁንስ? ሂድ እንጂ፣ አንድ ነገር በላት!»

ወደ መኪናው መስኮት ሄደ። እሷ ቀድማ ተቀምጣለች። ዝናቡ በስሱ ይወርዳል፣ አየሩ ቀዝቅዟል፤ ለጉዞ ከዚያ የተሻለ ቀን በዓመቱ ውስጥ አልነበረም።

«አልመጣም፣ እሺ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግን ልጠብቅሽ? ዓመትም ይሁን ዐሥር ዓመት፣ ምንም አልልሽም። ልጠብቅሽ ብቻ?»

ዓይኑን አየችው። ትወደዋለች፤ ይህን እሱም አየ፣ ዕድሜውን ሙሉ የጎዳውም ይኸው ማየቱ ነው።

«አትጠብቀኝ» አለችው። «መጠበቅ ነው የገደላት።»

መስኮቱን ወደ ላይ ዘጋችው። የእህቷ ባል ገብቶ ሞተሩን አስነሣ፣ ሄዱ።