ከጀርባዬ የተጫወተው አሮጌ አምፕ

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ይሄን አስቀድሜ የምነግራችሁ ሰው ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ ሲለኝ «ማታ ምን በልተህ ነበር?» ብዬ የምጠይቅ ሰው መሆኔን እንድታውቁልኝ ነው። ዛሬም በእንዲህ ዓይነት ነገር አምናለሁ ማለቴ አይደለም፣ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ፣ እናንተ የመሰላችሁን በሉ። አንድ ነገር ግን ካልነገርኳችሁ ታሪኩ አይገባችሁም፤ ቅናተኛ ነኝ።

ተማሪዬን ገመቹን ጊታር ያስያዝኩት እኔ ነኝ። አሥረኛ ክፍል እያለ ጣቶቹን በጣቴ እየተጫንኩ ነው የመጀመሪያዎቹን ኮርዶች ያሳየሁት፣ ከዚያ አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ከአምቦ እስከ እጃጂ ሰርግ ያለው ሁሉ «ያ ቀጭኑ ልጅ ይምጣልን» ማለት ጀመረ፣ እኔ ከኋላው ቆሜ ሪትም እመታለሁ። ሰው ፊት ጎሽ እለዋለሁ፣ ትከሻውን መታ መታ አደርገዋለሁ፣ ቤቴ ስገባ ግን እህል አይወርድልኝም ነበር፣ እመኑኝ።

የምበልጠው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፣ በአምፕሊፋየሬ፣ በጊታር ድምፅ ማጉያዬ። ባለ ቱቦ ነው፣ ከኋላው አምፖል የሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች እየጋሉ የሚሠራ፣ ጊታሩን ገና ስትነኩት የሚያጓራ ዓይነት። ሮክ የሚወድ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሞዴል ነው፣ እየተሻሻለ ሦስት ጊዜ ወጥቷል፣ የኔ ሦስተኛው ነው፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ነው የገዛሁት። በምዕራብ ሸዋ እንዲህ ዓይነት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ ስኩራራ ገመቹ እጃጂ ሰርግ ተጫውቶ ሲመለስ የዚያኑ ሞዴል የመጀመሪያውን ይዞ መጣ። ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ የድሮ የሆቴል ጊታር ተጫዋች እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ «ላንተ ይሁን» ብለው በነጻ ሰጡት። ኦቦ ዲንሳ ዛሬም በሕይወት አሉ፣ የሙት መንፈስ ታሪክ ልነግራችሁ መስሏችሁ ከሆነ እሱ አይደለም።

«እናወዳድራቸው» ያልኩት እኔው ነኝ፣ የኔ እንደሚበልጥ እንዲያይልኝ።

ሐምሌ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ የአከራዬን የአዴ ጫልቱን ቆርቆሮ ይወቅጠዋል። የእኛ ሰፈር መብራት ስለሚዋዥቅ በስታቢላይዘር ነው የምንሰካው፣ እሱ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ስለማይችል በየተራ። አንድ ጊታር፣ አንድ ኬብል፣ የጌይኑም፣ ማለት የማጓሪያው፣ የድምፁም መዘውር እኩል ቁጥር ላይ። አንዳችን ስንጫወት ሌላው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የትኛው እንደሆነ ይገምታል፣ ዓይን ጆሮን እንዳያታልል፣ ይሄም የኔ ሐሳብ ነው።

መጀመሪያ እሱ ዞረ፣ እኔ ተጫወትኩ። ልዩነቱን ልንገራችሁ፣ የኔው ዲስቶርሽኑ፣ ማጓራቱ፣ ብዙ ነው፣ ድምፁ የተበጠረ፣ አንድ ኖታ ይዛችሁ ብትቆሙ የማይሞት። የሱ ጌይኑ ያንሳል፣ ቻናሉም አንድ ነው፣ ግን ጣታችሁን ጠበቅ ስታደርጉ ያጓራል፣ ላላ ስታደርጉ ይለሰልሳል። በኔው ማንም ቢጫወት ጎበዝ ይመስላል፣ በሱ ግን ያላችሁን ያህል ብቻ ናችሁ። በሱ ስጫወት ጉድለቴ ሁሉ ተሰማ፣ እኔም ሰማሁት፣ ገመቹም ሰማው፣ የትኛው እንደሆነ ብቻ ተናገረ። ጉድለቴን እንዳልሰማ ማለፉ ነው የበለጠ ያናደደኝ።

ተራዬ ደረሰ፣ ወንበሬን ወደ ግድግዳ አዙሬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ተጫወተ፣ «የኔ» አልኩ። ነቀለ፣ ሰካ፣ ተጫወተ፣ «ያንተ» አልኩ። ከዚያ የሆነ ነገር ተናገረ፣ ከዝናቡ የተነሳ አልሰማሁትም፣ ቱቦዎቹ እስኪሞቁ ጠብቅ ያለኝ መስሎኝ ጠበቅኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት ትንሽ ድምፅ ነው፣ ጠቅ፣ ቀለበት የጊታር ክር ሲነካ እንደሚያሰማው። ገመቹ ቀለበት የለውም፣ ያኔ ግን ልብ አላልኩትም። ቀጥሎ ሰው ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ፣ ጆሮዬ ሥር ማለት ይቻላል። ከዚያ ጊታሩ ጀመረ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ በባቲ ቅኝት ነው፣ የማውቀው ዘፈን ግን አይደለም። ለዓመታት ጭንቅላቴ ውስጥ ስሰማው የኖርኩት፣ ጣቴ ላይ ሲደርስ የሚበላሽብኝ ያ ነገር ነው፣ አንድም ሳይጎድል። እንባዬ መጣ፣ የደስታ እንዳይመስላችሁ፣ «ይሄንንም ደረሰበት» ብዬ ነው። ሲያልቅ «ያንተ» አልኩ። ዞርኩ።

ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ጊታሩ አልጋው ላይ ተጋድሟል፣ ኬብሉ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ነው፣ የስታቢላይዘሩ መርፌ ዜሮ ላይ ወድቋል። ገና አፌን ሳልዘጋ በሩ ተከፈተና ገመቹ ትከሻው በዝናብ ርሶ ገባ።

«መብራት ሲሄድ የቆጣሪው ካርድ አልቆ እንደሆነ ልይ ብዬህ አይደል የወጣሁት፣ ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቷል» አለና ቆም ብሎ አየኝ። «ጋሼ ዱጉማ፣ አሁን የተጫወትከው አንተ ነህ? መብራቱ መሃል ላይ መጣ እንዴ?»

ሳስተምረው እንኳ እንደዚያ በአድናቆት አይቶኝ አያውቅም። እኔ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ።

«ኤዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩት።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ከኋላዬ ሪትም ስትመታ ይሄን ይዘህ ነው?» አለ ቀስ ብሎ። «እኔን ላለማሳፈር ብለህ?»

በሳምንቱ አምፑን ተሸክሞ መጣ። «ለሚገባው ሰው ይሁን፣ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ የራሴን መስማት አልቻልኩም» አለ። ሰርግም ጊታርም ተወ፣ አሁን ቸርች ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል። የሱን ቦታ እኔ ያዝኩ፣ የምጫወተው ግን እንደ ድሮዬ ነው። እጃጂ ድረስ ሄጄ ኦቦ ዲንሳን ቀለበት ያደርጉ እንደነበር ጠየቅኳቸው፣ «አድርጌ አላውቅም» አሉኝ፣ ለምን እንደጠየቅኳቸው ግን አልጠየቁኝም። ስንት ቅዳሜ ወንበሬን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ፣ ጠቅ የሚል ነገር እንኳ የለም።

ባለፈው ሳምንት ገመቹ ደወለልኝ።

«ቅዳሜ ከሰዓት በእናንተ በኩል ሳልፍ ሰማሁህ፣ ጋሼ» አለ። «ያንን ነገር ስትጫወት። እንዳልረብሽህ ብዬ አልገባሁም፣ እስክትጨርስ አጥሩ ሥር ቆሜ ነበር። ባዬ ጋሪ፣ በጣም ግሩም ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት እኔ እንጭኒ ሰርግ ላይ ነበርኩ። ጊታሬ አብሮኝ ነበር፣ ቤቴ ተቆልፏል፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው።

«አመሰግናለሁ» አልኩት።

ስልኩን ዘግቼ ሁለቱን አምፖች እያየሁ ቆምኩ። መፍራት ነበረብኝ፣ ፈርቻለሁም፣ አልዋሻችሁም፣ ግን ከፍርሃቱ ቀድሞ የመጣብኝ ያው ቅናቴ ነው። ስንት ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ስለምነው እኔን ዝም ብሎኝ፣ አሁንም የሚጫወተው ለገመቹ ነው።