ካሱ ከበር የመለሳት ሴት

ካሱ በሴቻ ሰፈር ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ በር ላይ ሰባት ዓመት በጥበቃነት ሠርቷል። ሥራውን የሚወድ፣ ሰዓት የማያዛንፍ ሰው ነው። ነገር ግን ማንም ሳያዘው ከራሱ ያወጣት አንዲት ደንብ ነበረችው፤ በባዶ እግሩ የመጣ ሰው በእሱ በር አያልፍም። «መሥሪያ ቤት እንደ እርሻ አይረገጥም» ይል ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ባዩሽ የምትባል ሴት ከካምባ ደጋ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ግራ እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጧል። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ የነበሩት ሰዎች ተነሥተው ሌላ ቦታ ስለተቀመጡ፣ አሁንም ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም።

«ጫማሽስ?» አላት ካሱ።

«የለኝም ወንድሜ። የሚገባልኝ አጥቼ ነው።»

«ኮንጎ ጫማ እንኳ ከገበያ ጠፋ? ሰው ፊት ሲቀርቡ እኮ ትንሽ ይታፈራል!»

ባዩሽ ልታስረዳው አሰበች። ከኋላዋ የቆሙት ሲንሾካሾኩ ስትሰማ ግን ቃሉን ዋጠችው። ካሱም በሽታው ይጋባል ሲባል ሰምቶ ያደገ ነውና አንድ እርምጃ ሸሸት አለ። ሴትዮዋ ዞራ በኮብልስቶኑ ላይ እያነከሰች ወረደች።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ ሲስተር ትሁት ወደ በሩ ብቅ አለች። «ጋሼ ካሱ፣ ከካምባ የምትመጣ እናት እየጠበቅኩ ነበር። እግሯን ለክተን በልኳ ጫማ ልናሠራላት ነው። አልመጣችም?»

ካሱ ክው አለ። «አንዲት ሴት መጥታ ነበር። ባዶ እግሯን ስለሆነች መለስኳት።»

ትሁት ወደ ባዶው መንገድ ተመለከተች። «ጫማ ፍለጋ የመጣን ሰው ጫማ የለህም ብለን ከመለስነው የት ይሂድ?»

«በሽታው እንዳይጋባም ብዬ ነው እኮ።»

«የእሷ ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። እርግማንም አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሯ ስትሠራ የመጣባት ነው። እግሯን በሳሙና እየታጠበች ጫማ ብታደርግ እብጠቱ ይቀንስላታል።»

ካሱ በዕረፍት ቀኑ ወደ ካምባ ተሳፈረ። ጠያይቆ ቤቷ ሲደርስ ባዩሽ ተኝታለች። ያን ዕለት መንገድ ላይ ድንጋይ ቆርጧት ቁስሉ አመርቅዟል፤ ትኩሳት ጥሏታል። ባሏ ይፍሩ ጤና ጣቢያ እንሂድ ብሎ ቢለምናትም «ሁለተኛ ሰው በር ላይ አልቆምም» ብላ እምቢ ብላለች።

ካሱ ተንበረከከ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ እናቴ። ዛሬ እኔ ራሴ ይዤዎት እገባለሁ።»

ባዩሽ እጇን ሰጠችው። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ ቁስሏ እስኪድን ወር ፈጀ። ከዚያ ሴቻ መጥታ እግሯ ተለካ፤ ጫማው ሲደርስም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫምታ፣ መሬቱን እየፈራች ወደ በሩ መጣች። ካሱ ደስ ብሎት ሊሸኛት ተነሣ።

«እኔንስ ፈልገህ አገኘኸኝ» አለችው። «ከእኔ በፊት የመለስካቸውስ?»

ካሱ በሩ ላይ ቆሞ የመለሳቸውን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከረ።

ወገኖቼ፣ ጫማ ማጣት ነውር አይደለም፤ ያጣውን ማሳፈር ግን ነውር ነው። በኀፍረት ወደ ቤቱ የተመለሰ በሽተኛ ተመልሶ አይመጣም። ካሱ ዛሬ በየዕረፍት ቀኑ ከበሩ የመለሳቸውን ፍለጋ ገበያ ለገበያ ይዞራል። ያበጠ እግሩን የደበቀ ሰው ሲያይ አጠገቡ ይቀመጥና፣ «እኔን ታውቀኛለህ?» ብሎ ይጠይቃል።