የጋሽ እርማት ፂም

ጋሽ እርማት እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ስልካቸው ጭናቸው ላይ ነበር፤ መነጽራቸውም ከአፍንጫቸው አልወረደም። ለወትሮው ተንጨባርሮ የሚታየው ሽበታቸው ብቻ ከግራ ተለይቶ፣ ወደ ቀኝ ለስልሶ ተኝቷል። ለፎቶ የተዘጋጁ ይመስሉ ነበር።

መርማሪዋ አራቱን ፎቅ በእግሯ ወጣች። አሳንሰሩ ከቆመ ዓመት አልፎታል። በሩ ላይ ጉልበቷን ይዛ ትንፋሿን ስትሰበስብ ስልኳ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ሁለቱም ከእህቷ ነው። አንደኛው «በእርጥብ ፀጉር መውጣት ብርድ እንደሚያስይዝ ተረጋገጠ» ይላል፤ ሁለተኛው ያንኑ በድምፅ የተቀዳ ነው። ጡረታ ለመውጣት ሰባት ወር ቀርቷታል። ሰባት ወር ደግሞ ደረጃ እየወጡ ሲቆጥሩት ረጅም ነው።

«ማን አገኛቸው?»

«እኔ ነኝ» አለች በሩ ጥግ የቆመችው ወጣት። የሟቹ የእህት ልጅ ናት፤ የነርስነት ትምህርቷን እየጨረሰች ነው። «ትናንት ምሳ ይዤለት መጥቼ ሳንኳኳ አልከፈተልኝም። አኩርፎኝ መሰለኝና ተመለስኩ። ዛሬም ዝም ሲለኝ ከአከራይዋ ቁልፍ ተቀብዬ ገባሁ።»

«ለምን ያኮርፉሻል?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። «ግሩፑን ድምፅ አጥፍቼበት ነበር። አወቀብኝ።»

ይህን ለመረዳት ሰውየውን ማወቅ ያስፈልጋል። ጋሽ እርማት ሠላሳ አንድ ዓመት የሥነ ሕይወት መምህር ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ጠመኔውን አስረከቡ፤ ቀዩን እስክሪብቶ ግን ይዘውት ወደ ሕንፃው ነዋሪዎች የስልክ ግሩፕ ገቡ። ግሩፑ የተከፈተው ውሃ የሚመጣበትን ቀን ለመነጋገር ነበር። እሳቸው ከገቡ ወዲህ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ «የዛሬ እርማት» ይመጣል። ጣት ማንቋቋት ቁርጥማት አያመጣም። መብረቅ የመታውን ቦታ ደግሞ ሊመታ ይችላል። ሰው የአእምሮውን አሥር በመቶ ብቻ ይጠቀማል የሚባለው ውሸት ነው፤ ሁሉንም ይጠቀማል። በዚህኛው ላይ አምስተኛ ፎቅ የሚኖረው ባለታክሲ «እዚህ ሕንፃ ውስጥ ግን ማስረጃ አልተገኘም» ብሎ ጽፎ ሃያ ሦስት ሰው ስቆለታል። ጋሽ እርማት አልሳቁም። ሦስት ገጽ ማብራሪያ ላኩ።

ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ሐኪም ጎንበስ ብሎ በጓንቱ ጫፍ የተኛውን ፀጉር ገለጥ አደረገና መርማሪዋን ጠራት። ከቀኝ ጆሯቸው በላይ፣ ከሽበቱ ሥር፣ የጣት ርዝመት ያህል ስንጥቅ ነበር። ደሙ ደርቋል።

«ከዚያ ነው» አለ ሐኪሙ፣ ጥግ ላይ ወዳለው የእጅ መታጠቢያ በአገጩ እያመለከተ። ጠርዙ በጨርቅ ተወልውሏል፤ ከሥሩ ግን አንዲት ጠብታ ተረስታለች። «ወድቀው ነው፣ ወይም ተገፍትረው። ከዚያ ሰው ወንበሩ ላይ አስቀምጧቸዋል።»

«መቼ?»

«አንድ ቀን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሆኗል። አርብ ማታ ይሁን ቅዳሜ ቀን፣ በሰዓት ማልልኝ ብትይኝ አልምልም።»

መርማሪዋ በጣቷ ጀርባ የሟቹን ጉንጭ ዳሰሰች። እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። «ፂሙን በደንብ እይልኝ። ስለ ቁስሉ ደግሞ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» አለችው።

ግሩፑ ግን የሐኪም ቃል የሚጠብቅ አልነበረም። መርማሪዋ ገና ከክፍሉ ሳትወጣ ፍርዱ ተሰጥቶ አልቋል። ባለታክሲው ቅዳሜ እኩለ ቀን ልጅቷ ዓሣና ወተት ይዛ ደረጃውን ስትወጣ አይቷታል። «ዓሣና ወተት አንድ ላይ መርዝ ነው። ነርስ ናት፣ አሳምራ ታውቃለች» ብሎ ጻፈ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጽሑፉ ከሕንፃው ወጥቶ ከተማውን አዳረሰ። ከቀትር በፊት የመርማሪዋ አለቃ ደወለ።

«ይቺ የዓሣና የወተቷ ልጅ እጅሽ ላይ ናት?»

«ዓሣና ወተት ሰው አይገድልም፣ አለቃ።»

«እሱን እኔም እንጃ። ሕዝቡ ግን ይዘሻት እንደሆነ እየጠየቀ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የተሻለ ነገር ካላመጣሽልኝ ልጅቷን ይዘሽ ነይ።»

ልጅቷ ደረጃው ላይ ደብተሯን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ለምርመራም ለጉልበቷም።

«ነገ የመጨረሻ ፈተናዬ ነው» አለች ልጅቷ። «ካመለጠኝ ዓመቱን መድገም አለብኝ። ከዚህ በኋላ ደግሞ የሚቀጥረኝ ሆስፒታል የለም። ሰው መራዥ ነርስ ተብዬ...»

«ዓሣውን ምን አደረግሽው?»

«ቤት ወስጄ በላሁት።»

«ወተቱንስ?»

«ላዩ ላይ ጠጣሁበት። ርቦኝ ነበር።»

«እና አልሞትሽም።»

«አልሞትኩም።»

«ግሩፑ ሲሰማ ያዝናል» አለችና የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ተነሳች።

ባለታክሲው ግቢ ውስጥ መኪናውን እየወለወለ አገኘችው። ዓሣና ወተት የገደለው ሰው በዓይኑ አይቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው።

«እኔ አላየሁም። የአክስቴ ባል ጎረቤት ግን...»

«አርብ ማታ የት ነበርክ?»

«አውሮፕላን ማረፊያ፤ ሰው ስጠብቅ አደርኩ። ኧረ እትዬ፣ እኔን ነው እንዴ? እኔ እኮ የጻፍኩት ለጠቅላላ እውቀት ነው።»

አከራይዋ ሁለተኛ ፎቅ፣ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋት። ከኋላቸው አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ቀሚሳቸውን ይዛ ታያለች፤ ጭንቅላቷ ላይ ያለው ፀጉር ስስ ብሎ እንደ ጭራሮ ቆሟል።

«ቁልፉ እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው፣ እህቴ» አሉ። «ግን ያ በር ሲሳብ ራሱ ይቆለፋል። ለመውጣት ቁልፍ አያስፈልግም።»

«ቅዳሜ ሰውየውን አይተዋቸዋል?»

«ኧረ እኔስ፣ ቅዳሜ ሰላም ነበር። የዛሬ እርማትም አልመጣ፣ ምንም አልመጣ።»

«ለምን እንዳልመጣ አልጠየቁም?»

አከራይዋ ትንሽ አፈሩ። «ሰላም ሲሆን ማን ይጠይቃል?»

መርማሪዋ ወደ ትንሿ ልጅ ጭንቅላት አየች። አከራይዋ አስተያየቷ ገባቸው። «የልጅ ልጄ ናት። ቢላጭ ይወፍራል ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ላጫት። ከተላጨች ሦስት ወሯ፣ ይኸው። ጋሽ እርማት አርብ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ‘ፀጉር በመላጨት አይወፍርም፣ የተላጨውም ሕፃን ምስክር ነው’ ብለው ጻፉ። እዚያው ስድስት እናቶች ቀጠሯቸውን ሰረዙ። እኔም ሰባተኛ ሆንኩ።»

የፀጉር አስተካካዩ ቤት ምድር ላይ ነው። እሑድ የልጆች ቀን ነበር፤ አሁን ግን ሦስቱም ወንበሮች ባዶ ናቸው። ሰውየው ማበጠሪያዎቹን በትልቅና በትንሽ ደርድሮ፣ ደግሞ አፍርሶ ይደረድራል። ሕንፃው «እጀ ለስላሳ» ይለዋል፤ የሚገባው ስም ነው።

«ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ሄጄ እላጫቸው ነበር» አለ። «እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ግሩፕ ላይ አዋርደውኝ እንኳን በነጋታው ሄጄ እላጫቸዋለሁ። ስምንት ዓመት።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም። አራት ሰዓት ላይ ላጨኋቸው፣ አበጠርኳቸው። ደህና ነበሩ። ከዚያ በአምስት ሰዓት አውቶቡስ እህቴ ጋ ሄድኩ፤ ትኬቱ ይኸው። ዛሬ ጠዋት ነው የገባሁት።»

ይህ ቃል ልጅቷን ጉድጓድ ውስጥ ከተታት። ሰውየው ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ደህና ከነበሩ፣ ከዚያ በኋላ በራቸው ላይ የታየችው እሷ ብቻ ናት።

«ፂማቸው ግን ይሻክራል» አለች መርማሪዋ፣ እየጻፈች።

«የሞተ ሰው ፂም ያድጋላ። ጥፍሩም ያድጋል። ይህን ሙያ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል።» ከዚያ ሳያስበው ፈገግ አለ። «እሳቸው ብቻ ናቸው ያልተቀበሉት። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ስንከራከርበት ዋልን።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ዘጋች። ድካሟ ከፊቷ ላይ ጠፍቶ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም እዚያው ፀጉር ቤት ሰበሰበቻቸው። ወንበሩ ምቹ መሆኑን አይታ መሃለኛው ላይ ተቀመጠች፤ ፊት ለፊቷ ባለው ረጅም መስታወት ውስጥ ሁሉንም ሳትዞር ታያቸዋለች። ልጅቷ በሩ አጠገብ፣ አከራይዋ ቦርሳቸውን አቅፈው፣ ባለታክሲው ስልኩን ይዞ፣ ፀጉር አስተካካዩ ከወንበሯ ኋላ፣ ሊያስተካክላት እንደቆመ ሁሉ።

«ስልኩን አስቀምጠው» አለች ባለታክሲውን። «መጀመሪያ ዓሣና ወተቱ። ልጅቷ ሁለቱንም ራሷ በልታ ጠጥታ ይኸው ቆማለች። ሟቹ የሞቱት ደግሞ ጭንቅላታቸው ከመታጠቢያው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ነው። ስንጥቁ በፀጉር ተሸፍኗል።»

አከራይዋ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ልጅቷ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ሁለተኛ፣ መቼ ሞቱ? እኚህ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ታመው እንኳን፣ የማለዳ እርማት አስቀርተው አያውቁም። ቅዳሜ ቀረ። የዚያን ቀን የስልክ መስመሩ ደህና ነበር፤ ባለታክሲው ብቻውን አሥራ አራት ጊዜ ጽፏል። የቀረው ጸሐፊው ስላልነበሩ ነው። እናንተ ግን እፎይ ብላችሁ ዋላችሁ።»

አከራይዋ ቦርሳቸውን ይበልጥ አቀፉ።

«እሱ ብቻውን አይበቃኝም፤ ሰው አንድ ቀን ሊሰለቸው ይችላል። ስለዚህ ወደ ፂሙ እንምጣ። ፂም የሚያድገው ከሥሩ ሕይወት ሲኖር ነው። ሰው ሲሞት ያቆማል። ቆዳው ሲደርቅ ትንሽ ስለሚሸሽ ያደገ ያስመስለዋል፣ እንጂ አያድግም። ሐኪሙ የቆዳውን ሽሽት ቀንሶ ለካው። የሁለት ቀን ተኩል ገደማ ነው። ከረቡዕ ጠዋት ጀምራችሁ ቁጠሩ፤ አርብ ማታ ላይ ያደርሳችኋል። ቅዳሜ ጠዋት ያንን ጉንጭ ምላጭ አልነካውም።»

በመስታወቱ ውስጥ ፀጉር አስተካካዩ ከመደርደሪያው አንድ ማበጠሪያ ሲያነሳ ታየ። «ተሳስቼ ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ። «ብዙ ሰው ነው የምላጨው። ቅዳሜ አበጥሬያቸው ብቻ ወጥቼ ይሆናል።»

«ማበጠርህን ግን እርግጠኛ ነህ? ሌላ ሰው አበጥሯቸው እንዳይሆን።»

«ሌላ ማን?» ድምፁ ውስጥ ቅር መሰኘት ነበረበት። «ያን የመሰለ መስመር በዚህ ሕንፃ ማን ያወጣል? የእኔ እጅ ነው።»

መርማሪዋ ወንበሩን ቀስ ብላ አዞረችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችው።

«እኔም ሳየው የባለሙያ እጅ ነው ብያለሁ። ግን የማበጠሪያው ጥርስ በደሙ መሃል አልፏል። ደሙ በውሃ ተስቦ፣ ከፀጉሩ ጋር ተኝቶ ነው የደረቀው። ያበጠራቸው ሰው ያበጠራቸው ከቆሰሉ በኋላ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ በእጁ የያዘውን ማበጠሪያ አየው። ከዚያ ከቦታው፣ ከመካከለኛውና ከትንሹ መሃል፣ አስቀመጠው።

«ጽሑፉን አጥፉልኝ ብዬ ልለምን ነው የሄድኩት» አለ። «እንጀራዬ ነው አልኳቸው። ‘እውነት አይጠፋም’ አሉኝ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ እየጻፉ ነበር። ስልኩን ልቀማቸው እጃቸውን ስጎትት ሸርተት አሉ። መስታወት አፍንጫቸው ላይ ይዤ ጠበቅሁ። ጉም አልያዘም።»

«ሐኪም ጠርተህ ቢሆን ኖሮ አደጋ ነበር» አለች መርማሪዋ። «አንተ ግን ውሸት ይዘህ መጣህ። ይቺ ልጅ በአንተ ውሸት ስትሰቀል ቆመህ አየህ።»

ወደ ልጅቷ ሊያይ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ልላጫቸው አስቤ ነበር» አለ። «ምላጩም እጄ ላይ ነበር። ግን ምን ያደርጋል፣ እስኪገኙ ድረስ ማደጉ አይቀር ብዬ ተውኩት።»

«አንዴ እንኳ አምነሃቸው ቢሆን ኖሮ ላጭተሃቸው ትሄድ ነበር» አለች መርማሪዋ። «እኔም ይሄኔ ልጅቷን ይዤ እየወረድኩ ነበር።»

ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ሰውየውን ይዘውት ሄዱ። መርማሪዋ ለአለቃዋ ደወለች፤ ከዚያ ልጅቷን ደረጃው ላይ፣ ጠዋት በተቀመጠችበት ቦታ አገኘቻት። ደብተሩ ተከፍቷል፤ እሷ ግን የምታየው ስልኳን ነው። ዘረጋችላት።

ባለታክሲው ጽፏል። «ጉድ ስሙ። ከሞተ በኋላ ያደገ ፂም ገዳዩን አጋለጠ። ሳይንስ ነው።» ከሥሩ አርባ አንድ ሰው አጨብጭቧል። አከራይዋም አሉበት።

መርማሪዋ ስልኩን መለሰችላት። «ተይው፣ የኔ ልጅ። ነገ ፈተና አለሽ። ዝጊውና አጥኚ።»

«እሺ» አለች ልጅቷ።

መርማሪዋ መደገፊያውን ይዛ አንድ በአንድ ወረደች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ፤ ከእህቷ እንደሆነ አውቃ ሳታየው አለፈች። ወደ ላይ ቀና ስትል ልጅቷ ደብተሩን ጭኗ ላይ ከድናለች፤ ያጠፋችውን የግሩፕ ድምፅ መልሳ ከፍታ፣ በሁለት አውራ ጣቷ እየጻፈች ነው።

«የዛሬ እርማት» ብላ ጀምራለች።